ከምስማሩ የወረደው ማስመሪያ

የደጀኔን ሬሳ ያገኘው ሸኪብ ነው። ስዊድን አገር፣ ቴንስታ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በተከራዩት የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ፣ ከሁለተኛ ክፍል በር ፊት ለፊት በጀርባው ተዘርሯል። ደረቱ ደም ሆኗል፤ ከጎኑ የገዛ ራሱ ሽጉጥ ወድቋል። ሸኪብ የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው። ቁልፍ የሚይዘውም፣ አምፖል የሚቀይረውም፣ ወለል የሚያጸዳውም እሱ ነው።

ልጆቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት ይቀር ነበር። በሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ተተኩሶ ሰው ካለቀ ወዲህ ሁሉም እንቅልፍ አጥቷል፤ በዚያን ዕለት አራቱ ሠራተኞች ታጣቂ ቢገባ እንዴት በር ቆልፈው ወለል ላይ እንደሚተኙ ይለማመዱ ነበር። ልምምዱን ያሰናዳው ደጀኔ ነው፤ ቅዳሜ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ፣ በመደበኛ ሥራው የጥበቃ ሠራተኛ፣ በትርፍ ጊዜው የተኩስ ክለብ አባል። እሱም አንደኛ ክፍል ተደብቆ፣ ሲያበቃ ደወል እንደሚደውል ነግሯቸዋል።

ይህ ሰው የሠለጠነ ሠራተኛ መሣሪያ ይያዝ እያለ ስብሰባውን ሁሉ ሲያምስ ከርሟል። የስዊድን ሕግ አይፈቅድም ሲሉት፣ ሕጉ እስኪለወጥ ልጆቹን ማን ይጠብቃል ይላቸዋል። ክፉኛ የተቃወመው ሸኪብ ነበር። ጦርነት አይቶ የመጣ ሰው ነውና ጠረጴዛ መትቶ፣ «ሽጉጥ እዚህ የሚገባው በመቃብሬ ላይ ነው» ብሏል። አሁን መቃብሩ የሌላ ሰው ሆነ፤ የፖሊሶቹ ዓይንም ወደ ሸኪብ ዞረ።

መርማሪዋ ትርሓስ ትባላለች፤ እዚያው አቅራቢያ ሄሰልቢ ሰፈር ያደገች፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ዓይኗ ግን መርፌ የሆነ ሴት። ወጥ ቤት አስቀምጣ ጠየቀችው።

«ጋሽ ሸኪብ፣ ልምምዱ ሲጀመር የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። መቆለፊያውን ትናንት ለጥገና ፈትቼው ስለነበር በሩ ወለል እንዳለ ነው።»

«ምን ሰሙ?»

«ደጀኔ "ቤቶች" ሲል ሰማሁ። ወዲያው ተተኮሰ።»

«ልምምድ ላይ "ቤቶች" ይባላል እንዴ?»

«እሱ የራሱንም በር "ቤቶች" ሳይል አይገፋም። ያደገበት ነው።»

«ከሬሳው አጠገብ የነኩት ነገር አለ?»

«የለም» አላት።

ዋሽቷል። ከደጀኔ እጅ አጠገብ ረጅሙ የእንጨት ማስመሪያ ወድቆ ነበር። ሸኪብ የወደቀ ነገር ካየ ማንሳት ልማዱ ነው፤ ሳያስበው አንስቶ፣ ደሙን አጥቦ፣ ወትሮ ከሚሰቀልበት የኮሪደሩ ምስማር ላይ ሰቀለው። ከሰቀለው በኋላ ነው ብርድ ብርድ ያለው። እሱ ባደገበት ዘመን ነካሁ ብሎ ጣቢያ የሄደ ሰው አይመለስም ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ብሎ ዝም አለ። አሁን ግን ከዚህ ከወሰዱት ባለቤቱን ከዲጃን ዳግም እንደማያያት ታየው።

ርዕሰ መምህርቷ ማሂራ በመስታወት በተከለለ ቢሮዋ ሆና «ቤቶች» የሚለውን ቃልና ተኩሱን እንደሰማች ተናገረች። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ተዋበች፣ ልጅ ጉልበቱ ሲላጥ አብራ የምታለቅሰው ሴት፣ በሯን ቆልፋ መተኛቷንና ከተኩሱ በቀር ምንም አለመስማቷን አስረዳች።

ትርሓስ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ሦስተኛው ላይ ማስመሪያውን በጣቷ ነካችና ቆመች። ከዚያ ከምስማሩ አውርዳ ይዛው ገባችና ሦስቱንም ሁለተኛ ክፍል ሰበሰበቻቸው። በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ።

«ይህ ማስመሪያ እርጥብ ነው» አለች። «ያጠበው ሰው ራሱ ቢነግረኝ ይሻለዋል።»

ሸኪብ በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ አየ፤ ከዲጃን አሰበ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ከእጁ አጠገብ ወድቆ ነበር። አንስቼ አጠብኩት። ከዚያ ፈራሁ።»

ትርሓስ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፍርሃትዎ የደበቀው ነጻ የሚያወጣዎትን ነገር ነበር። ደጀኔ ታጣቂ መስሎ በር ሊፈትን ወጥቷል፤ በእጁም ማስመሪያ ይዟል። ሽጉጥ ያለው ሰው እንጨት እንደ ሽጉጥ አይዝም። ስለዚህ ሽጉጡ ሌላ ሰው ዘንድ ነበር፤ የሠለጠነ ሠራተኛ ይታጠቅ ሲል የከረመ ነውና፣ እሱ ራሱ በድብቅ አሠልጥኖ ባስታጠቀው ሰው ዘንድ። ሊፈትን የወጣውም ያንኑ ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ ክፍሉ በር ጠቆመች።

«"ቤቶች" የሚባለው ለተዘጋ በር ነው። የወጥ ቤቱ ክፍት ነበር። ቢሮው መስታወት ነው፤ ወይዘሮ ማሂራን እያያቸው አይጣራም። የቀረው ይህ በር ነው። ጥይቱ የገባው በደረቱ፣ ፊቱን ወደዚህ አዙሮ ሳለ ነው። በሩ ላይ ቀዳዳ የለም፤ ሲተኮስ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። እትዬ ተዋበች፣ ወጥ ቤት ድረስ የተሰማውን ድምፅ እርስዎ ብቻ እንዴት አልሰሙም?»

ተዋበች እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ሦስት ወር ተኩስ ክለቡ እየወሰደ ሲያስተምረኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሽጉጡን ሰጠኝ፤ ከቦርሳሽ አይውጣ፣ መያዙን ልመጂ ብሎ። ጨለማው ውስጥ ስተኛ ግን አወጣሁት። በሩን የቆለፍኩ መስሎኝ ነበር። እጀታው ዝቅ ሲል እውነተኛው ሰውዬ መጣ አልኩ። በሩን እየገፋ "ቤቶች" ሲል ድምፁን ለየሁት፤ ጣቴ ግን ቀደመኝ።»

ሽጉጡን ከጎኑ አስቀምጣ በሯን እንደዘጋችም ተናገረች። ቀጥላ ወደ ሸኪብ ዞረች።

«እርስዎን ሲጠረጥሩ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ። ሁልጊዜ "እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ" ይለኝ ነበር። አልተንቀጠቀጠም።»

ፖሊሱ ይዟት ሲወጣ ማሂራ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሸኪብ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ነጻ ነህ ቢባልም ፍርሃቱ አለቀቀውም። ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ቁልፉን አወጣና፣ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ሲከፍተው የኖረው በር ፊት ቆመ።

«ቤቶች» አለ።

«ማነው?» አለች ከዲጃ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። እኔው ብቻ ነኝ።»

ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፤ እሷ መጥታ እስክትከፍትለት ግን በሩን አልነካውም።