የማስተጋቢያው ክፍል ጩኸት

ሽማግሌው ድምፅ ቀራጭ ሲሪል ፖልግሬቭ ከዘፈን ስቱዲዮው የብረት ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት ነው። ያገኘችው የድሮ ረዳቱ ዊኒ ቴትሎ ናት። ከአንድ ቀን በፊት ስትጮህበት ተሰምታ ስለነበር፣ የፖሊስ መኪና ስታይ ለሷ የመጣ መሰላት።

ኢንስፔክተር ኦልድሮይድ ሬሳው ላይ ብዙ አልቆየም። ወደ መቅረጫው ክፍል ወጣና ማሽኑ ላይ የተቀመጠውን ወፍራም የቴፕ ክር ጥቅል ትክ ብሎ አየው። ሳጥኑ ላይ «የማቅለጫው በር፣ 1972» ተብሎ ተጽፏል። ሼፊልድ ውስጥ ይህን ዘፈን የማያውቅ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ዘፋኙን ሬክስ ኮርዴልን ያነገሠው መጨረሻው ላይ ያለው ጩኸት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል።

«ሟቹ ላይ ትናንት ምን ብለው ነው የጮሁት?» አላት ኢንስፔክተሩ።

ዊኒ እጆቿን ኪሷ ከተተች። «ያ ጩኸት የኔ ነው። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እዚህ ሻይ አፈላለሁ፣ ክር አቀብላለሁ። ማይክሮፎን ላስተካክል ለዘፈን ማሚቶ ወደሚሰጠው የምድር ቤት ማስተጋቢያ ክፍል ስወርድ፣ ሬክስ ለቀልድ ብሎ መብራት አጥፍቶ ቆለፈብኝ። ሲሪል እየቀረጸ ነበር። ትናንት ሦስታችንንም ጠርቶ፣ ዘፈኑ እንደገና ሊታተም ነውና ነገ እውነቱን ለሁሉም አሰማለሁ አለን። እስከዛሬ የት ነበርክ ብዬ ነው የጮህኩበት።»

«ለመግደል የሚያበቃ ቂም ነው።»

ዊኒ ወደ ደረጃው ዘወር አለች። ያ ጨለማ ክፍል መልሶ የመጣባት መሰላት፤ አሁን ግን በሩ የእስር ቤት በር ነው።

«ክር ሰምተው ሲጨርሱ ምን ያደርጉታል?» አላት ድንገት።

«ምንም። እንዳለቀ ሳጥኑ ውስጥ እከተዋለሁ።»

«ወደ መጀመሪያው አይመልሱትም?»

«ሲሪል ይገድለኝ ነበር» አለችና በራሷ ቃል ደነገጠች።

ዘፈኑ ላይ ከበሮ የመታው ኖቢ ክሌግ ዛሬ የአሳ ጥብስ ነጋዴ ነው። ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣቱን አሻሸ። «አንዴ ብመልሰው ሲሪል በባዶ የክር መጠቅለያ እጄን መታኝ። ሁለተኛ አልለመደኝም፣ ጌታዬ።»

ሬክስ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ትናንት እዚህ ክፍል አልገባሁም። እኔ ዘፍኜ የምሄድ ሰው ነኝ፤ ማሽን የሎሌ ሥራ ነው።»

«ገብተው ክር ቢሰሙስ ኖሮ?»

«ለሚቀጥለው ሰው መልሼ አዘጋጀዋለኋ። ጨዋ ሰው እንደዚያ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ኦልድሮይድ ሦስቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰባቸው።

«ትናንት ከሲሪል ጋር አራታችሁም እዚህ ሕንፃ ነበራችሁ፤ ዛሬ ሲሪል የለም» አለ። «ይህን ክር ያገኘሁት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ነው። ሲሪል ይህን አድርጎ አያውቅም፤ ሕጉን ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ዊኒና ኖቢ ልመልስ ቢሉም እጃቸው እሺ አይላቸውም። ክሩን የመለሰው ሰው ያልተነካ አስመስላለሁ ብሎ ነው። ሙያውን አያውቅማ።»

ሬክስ ሳቀ። «በክር አጠቃለል ሰው ሊሰቅል ነው። እስቲ የሷን ጩኸት አሰማን፣ ካለ።»

«እንዳይኖር ምን ያደርገዋል? ገና አልከፈትኩትም እኮ።»

የሬክስ ሳቅ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ማሽኑን አስነሣ። ጊታሩ አለ፣ ከበሮው አለ። ጩኸቱ የነበረበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ተደምስሷል። ዊኒ ወደ ማሽኑ ተጠጋች፤ ያላት አንድ ምስክር ሞቷል።

«ዊኒ፣ ሲሪል መመለስን ለምን ከለከለ?»

«ክር ተጠቅልሎ ለዓመታት ሲቀመጥ…» ጥቅሉን በጣቷ አመለከተች። «ኃይለኛ ድምፅ በላዩ ያረፈው ክር ላይ ጥላውን፣ ደካማ ቅጂውን፣ ይጥላል። የመጨረሻው ጫፍ ወደ ውጭ ሆኖ ከተቀመጠ ጥላው ከድምፁ ኋላ ይመጣል፣ ጆሮ አይረብሽም።»

«ድምፁ ቢደመሰስስ?»

ዊኒ ቀና አለች። «ጥላው… ይቀራል።»

ኦልድሮይድ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ከባዶው ቦታ ቀጥሎ፣ ከጉድጓድ የሚመጣ የሚመስል ቀጭን የልጃገረድ ድምፅ ተሰማ። ዘፈኑ ሸክላ ላይ ሲታተም ተቆርጦ የቀረው ቃል ነው። «ሬክስ፣ በማርያም ክፈትልኝ።»

የኖቢ ፊት አመድ መሰለ። ሬክስ መነጽሩን አወለቀ። «ክሩን እንዲሰጠኝ ለመንኩት» አለ ቀስ ብሎ። «እምቢ ብሎ ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ፤ ገፋሁት። ከዚያ ወጥቼ ጩኸቱን ደመሰስኩት።»

ካቴናው ሲገባለት ዊኒ አላየችውም። ኦልድሮይድ ክሩን ደግሞ ሲከፍተው፣ ያቺ ልጅ ከማሽኑ ውስጥ እንደገና ለመነች። ዊኒ ምድር ቤት ወረደች፤ የማስተጋቢያውን ክፍል መብራት አብርታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።