ግራው ለሚመጣው ዓመት

«እግርሽን አታወዛውዢ፤ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ምላጩ ይስተኛል» አለች ማናሚ፣ ቀና ሳትል።

ሺዮሪ እግሯን ሰበሰበች። የዕረፍቷ የመጨረሻ ቀን ነው። መርከቧ የምትነሳው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ምንም የሚሠራ ነገር የለም። እናቷ ጓሮ ሁለት ዛፎች መሃል በተዘረጋው የመረብ አልጋ ላይ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፍታ ለሽ ብላለች። ኦሳካ እያለች ምሳዋን እንኳ ቆማ የምትበላው ሴትዮ፣ እዚህ ደሴት ከመጣች ወዲህ ለመገላበጥም ሰንፋለች።

ማናሚ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የእማማ ካማዶ የልጅ ልጅ ናት። የደሴቱ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርገው። ደጃፍ ላይ እንዳይቀያየር ልጆቹ የላዩን ነጭ በምላጭ እየፈለፈሉ ከሥሩ ባለው ሰማያዊ ጎማ የፈለጉትን ይስሉበታል። ማናሚ ደግሞ በዚህ የሚያህላት የለም።

«ይኸው» ብላ የቀኙን ሰጠቻት። አንዲት ወፍራም ኤሊ ትዋኝበታለች። «አሁን እንኳን ሌባ እናትሽም አትወስደውም።»

«ግራውስ?»

«ግራው ለሚመጣው ዓመት። ሁለቱንም ዛሬ ከጨረስኩልሽ ምን ብለሽ ትመጫለሽ? መያዣ ነው።»

ሺዮሪ ሳቀች። በሚመጣው ዓመት ግን የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና አለባት። ዕረፍቱን በሙሉ ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነው የምታሳልፈው፤ ደሴት የሚባል ነገር የለም። እናቷ ገና ከኦሳካ ሳይነሱ ቁርጡን ነግራታለች። «ለማናሚ ራስሽ ንገሪያት» ብላትም ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ይኸው የመጨረሻው ቀን መጣ።

ማንጎ በልተው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ውሃው ለብ ያለ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ታይጋ በተነፋ ጎማ ላይ ተንጋሎ ይንሳፈፋል። ሁለቱ ከሥሩ ጠልቀው ገለበጡትና አፉ ጨው በጨው ሆነ። ሺዮሪ እስኪያማት ሳቀች። ማናሚም እየዋኘች የሚመጣውን ዓመት ታቅዳለች፤ ማዶ ያለችውን ትንሿን ደሴት በታንኳ፣ የዓሣ አጥማጆቹን የቀዘፋ ውድድር፣ ምኑ ቅጡ።

«አቦ ተይ» አለ ታይጋ ጨዉን እየተፋ። «የከተማ ሰው ‹ደርሼ መጣሁ› ይልሻል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለም። ስንቱን ሸኝተን ቀረ።»

«ይቺ እንደነሱ አይደለችም» አለች ማናሚ። «ይቺ ካልመጣች ፀጉሬን እላጫለሁ።»

ሺዮሪ ውሃ ውስጥ ጠለቀች፤ ትንፋሿ እስኪያልቅም አልወጣችም።

ዕቃ ሸክፈው ወደ ወደቡ ሲወርዱ ሁለቱ ወደኋላ ቀሩ። እማማ ካማዶ ለመንገድ የጠበሰችላቸው ትንንሽ ቦንቦሊኖ በሺዮሪ እጅ ገና ትኩስ ነው።

«ማናሚ፣ ፀጉርሽን አትላጪ።»

«ምን?»

«በሚመጣው ዓመት አልመጣም። ፈተና አለብኝ።»

ማናሚ ቆመች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከመምጣቴ በፊት።»

«እና ጠዋት ያን ሁሉ ስፈለፍል ዝም ብለሽ ታዪኛለሽ?»

«ከነገርኩሽ ቀኑ ይበላሻል ብዬ...»

«አሁን አልተበላሸም?» አለችና ወደ መጣችበት ተመለሰች።

በዚያ ደሴት ሰው ሲሸኝ ደህና ሁን አይባልም። ሸኚው «ደርሰሽ ነይ» ይላል፣ ሂያጁ «ደርሼ መጣሁ» ይላል፤ ልጆቹ ደግሞ መርከቧ ስትነሳ ከወደቡ ጫፍ ባሕር ውስጥ እየዘለሉ ይሸኛሉ። ታይጋ ተንደርድሮ ዘለለ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እማማ ካማዶ ፎጣዋን እያውለበለበች «ደርሳችሁ ኑ» ትላለች። የሺዮሪ እናት ያለ የሌለ ድምፅዋን አውጥታ መለሰች። ሺዮሪ ግን የመርከቧን ብረት ይዛ ወደቡን በዓይኗ ታስሳለች። ከሸኚዎቹ መሃል ማናሚ የለችም።

ወዲያው አየቻት። እየሮጠች መጥታ ጫፉ ላይ ቆመች። አልዘለለችም፣ እጇንም አላነሳችም፤ ፊቷን አጨፍግጋ ብቻ ታያለች። መርከቧ ፊቷን ማዞር ጀምራለች።

ሺዮሪ ጎንበስ ብላ የግራውን ጫማ አወለቀች። ምንም ያልተሳለበትን። ባላት ጉልበት ወደ ወደቡ ወረወረችው። የት ሊደርስ፤ መንገድ ላይ ባሕሩ ላይ አረፈና ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ።

ማናሚ ጫማውን አየች። ሺዮሪን አየች። ከዚያ ከነልብሷ ዘለለች።

ብቅ ስትል ጫማው በእጇ ነው፤ ከራሷ በላይ አንስታዋለች። «ደርሰሽ ነይ፣ አንቺ ቀጣፊ!»

«ደርሼ መጣሁ!» አለች ሺዮሪ። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

ወደቡ ከዓይን ሲጠፋ እናቷ ወደ ታች አየች። «አንቺ ልጅ፣ አንድ እግር ጫማ አድርገሽ ነው ኦሳካ የምትገቢው?»

«አዎ» አለች ሺዮሪ። «ከፈተናው በኋላ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እሺ፣ ከፈተናው በኋላ» አለች እናቷ። ከዚያ አንድ ቦንቦሊኖ አነሳችና ግማሹን ሰጠቻት።