ካልማን ያልተጠራበት ዳስ

ሺፍራ ላንዳው ኋላ ልቧን የሰጠችውን ሰው ገና ባወቀችው ቀን ጮኻበታለች።

የአይሁድ የዳስ በዓል ሊገባ ሲል ነበር። ሺፍራ የምትጸልይበት ማኅበር፣ በምዕራብ ፊላደልፊያ ያለው «ክፍት በር»፣ ዳሱን በምኩራቡ ግቢ አይሠራም፤ ቤቱን ሊያጣ ያለ ሰው ደጃፍ ላይ ይተክለዋል። «በዓሉን በሚፈርስ ጎጆ አክብሩ ተብለናል፤ እንግዲያው ቤት ማጣትን ከሚያውቁት ጋር እናክብረው» ትላለች ረቢያቸው ማርጎ። ያን ዓመት ተራው የእማማ ኦዴሳ ነበር። እማማ ኦዴሳ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያከብራቸው ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን የኪራይ ሕንፃ አንድ ሰው ገዝቶ ተከራዮቹን ውጡልኝ ብሏቸዋል። ሺፍራ የእነሱ ጠበቃ ናት። ቀን በፍርድ ቤት ሽንጧን ገትራ ትከራከርላቸዋለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ዳስ ትቸነክራለች።

ዳሱን ከሕንፃው ጎን፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁማ ጣሪያውን የበቆሎ አገዳ ስታለብስ፣ አንድ ረጅም ወጣት የዳቦ ቅርጫት ታቅፎ መጣና ቆመ። ቅንድቡ ዱቄት ነክቶታል።

«ያምራል» አላት።

«እናመሰግናለን።»

«ግን አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ዛፍ ሥር ነዋ! ዳስ ከሰማይ በታች እንጂ ከቅርንጫፍ በታች አይሠራም። እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው።»

የሺፍራ ደም ፈላ። «አንተ ሰው፣ እዚህ አሮጊቶች መንገድ ላይ ሊጣሉ ነው፣ አንተ ቅርንጫፍ ትቆጥራለህ? ዳቦህን አስቀምጥና መንገድህን ቀጥል!»

ወጣቱ ዳቦውን አስቀመጠ። መንገዱን ግን አልቀጠለም።

«ለምንስ ጥግ ላይ ደበቃችሁት?» አለ ረጋ ብሎ። «የሕንፃው ጌታ እንዲያየው መስሎኝ። ፊት ለፊት መግቢያው አጠገብ ብትተክሉት፣ ሕጉም ይጠበቃል፣ ሰውዬውም በገባ በወጣ ቁጥር ዓይኑ ውስጥ ይገባል።»

ሺፍራ ቅርንጫፎቹን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ሌላ መዶሻ አቀበለችው፤ ዳሱንም አብረው ነቅለው አብረው ተከሉት።

ኤልካና ይባላል። የከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ዳቦ ቤት ያለው የካልማን አንድያ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ የማኅበሩን የሰንበት ዳቦ ሌላ ሰው እንዲያደርስ አልፈቀደም። ዓርብ በቀትር ይመጣል፤ ቅርጫቱን ያወርዳል፤ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ከሺፍራ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ እርሾ፣ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል። የብርዱ ወራት ሳያልፍ ወደደችው፤ እሱም እንደወደዳት አልደበቀም።

የደበቀው ከአባቱ ነው። ካልማን ሚስቱ የሞተችበት፣ የአባቶቹን ሥርዓት አንዲት ሳያጓድል የሚጠብቅ ሰው ነው። «ክፍት በር» ሲባል ሰምቶ፣ «ጸሎትን ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር ያቦኩ ሰዎች» ብሏል አሉ። ዳቦውን ግን ይሸጥላቸዋል።

የእማማ ኦዴሳ ክስ እየተጓተተ ዓመት ዞረ፤ ዳሱም እዚያው ደጃፍ ተተከለ። ሺፍራ የአገዳውን ጫፍ እያሰረች፣ «የመጀመሪያውን ማታ አጠገቤ ትቀመጣለህ» አለችው። «ለአባትህ ነግረህ፣ በፊት ለፊት ትመጣለህ። ዕድሜ ልኩን ከቅርጫቱ ጋር ደጅ የሚቆም ሰው አልፈልግም፣ ካኒ።» ስታቆላምጠው «ካኒ» ትለዋለች።

ኤልካና፣ «እነግረዋለሁ። እመጣለሁ» አለ።

በዓሉ ገባ። ዳሱ በእንግዳ ተጨናነቀ፤ ተከራዮቹ፣ መጠለያ ያጡት፣ የሰፈሩ ሠራተኞች፣ እየተሳሳቁ ሾርባ ይቀባበላሉ። ከሺፍራ አጠገብ ያለው ወንበር ብቻ ባዶውን ነው። ስልኳን ደጋግማ አየች። በካልማን ቤት በበዓል ስልክ እንደማይነካ አሳምራ ታውቃለች፤ ልቧ ግን ማወቅን እንደ ምክንያት አልተቀበለላትም።

እማማ ኦዴሳ አጠገቧ መጥተው ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ ወንድ ሲቀር ወይ ፈርቷል ወይ ታሟል። ነገ ይታወቃል።»

«ነገን አልፈልገውም፣ እማማ። መርጧል፤ በቃ።»

«እንደ ዳኛ አትፍረጂ። ጠበቃ ነሽ» አሏት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኤልካና መጣ። በበዓል መኪና ስለማይሳፈር ከተማዋን በእግሩ አቋርጧል፤ የበዓል ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሺፍራ ውሃ ሰጠችው። ከመቆጣቷ በፊት ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ነገርኩት» አለ። «ምንም አልተናገረም። ዳሳችን ውስጥ ገብቶ ብቻውን ተቀመጠና አለቀሰ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። በደስታ በዓል አባቴን እያለቀሰ ጥዬው ልምጣ?»

«አንድ ቃል ብትልክልኝስ ምን ነበረበት?»

«በምን? በርግብ?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ተናደደች። «እኛ እኮ ማንንም አናስለቅስም! ያየነውን ሰው ሁሉ ነው ግቡ የምንለው። የሕንፃውን ጥበቃ ጠርተናል። የሕንፃውን ጌታ እንኳ ጠርተነዋል፣ ባይመጣም!»

ኤልካና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አባቴንስ ማን ጠራው?»

ሺፍራ ከማታው የተረፈውን ዳቦ አየች። ዓመት ሙሉ የሰንበት ዳቦውን ባርከው ቆርሰዋል፤ ስለ እንግዳና ስለ ፍትሕ ሰብከውበታል። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል እንደሚባለው፣ የጋገረው ሰው ግን ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም። ያን ያህል አፍራ አታውቅም። ኤልካናንም ምረጥ ብላ ያስጨነቀችው እሷ ናት።

የበዓሉ ዋና ቀናት አልፈው ሥራ የሚፈቀድባቸው መካከለኛ ቀናት ሲገቡ፣ ማንንም ሳታማክር ዳቦ ቤቱ ሄደች። ካልማንን እጁን እስከ ክርኑ ሊጥ ውስጥ ከትቶ አገኘችው።

«አቶ ካልማን፣ ሺፍራ እባላለሁ።»

«አውቄሻለሁ።» ቀና አላለም።

«ልጅዎን ልነጥቅዎ አይደለም የመጣሁት። እርስዎን ልጠራ ነው። የከተማውን ሰው ሁሉ ስንጠራ እርስዎን ረሳን። አጥፍተናል፤ ይቅር ይበሉን።»

ካልማን ሊጡን ገለበጠው። «ሴት ናት አሉ የምታስጸልየው።»

«አዎ።»

«ጊታርም አለ አሉ።»

«አለ። የሚመታው ሰውም ጎበዝ አይደለም።»

«ዋሽተሽ ብትጠሪኝ ይሻልሽ ነበር።»

«በበዓል መዋሸት አልፈለግሁም።»

ጢሙ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ፈገግታ ይሁን ሌላ፣ ሺፍራ እርግጠኛ አልነበረችም። «ብመጣም ውጭ ነው የምቆመው» አለ።

«ይቁሙ። ውጭ የሚቆም ሰው ከቤትዎ ለምደናል።»

በማግስቱ መጣ፤ እንዳለውም ውጭ ቆመ። ኤልካና ዳሱ ውስጥ ከሺፍራ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን ከአባቱ ማንሳት አቃተው። እማማ ኦዴሳ ወንበር አወጡለት፤ አመሰገነና ሳይቀመጥ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ቆመ። ጊታሩ ሲጀምር ሰማዩን ማየት ጀመረ።

ሰማዩም ዝናቡን ለቀቀው። አገዳው መሐል እየገባ ሾርባው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ማንም እንዳይነሳ!» አለች ረቢ ማርጎ እጇን ዘርግታ። «ቤት የሌለው ሰው ሲዘንብበት የት ይሄዳል? እንቀመጥ፣ እንረጥብ!»

«ረቢት!» ብሎ ጮኸ ካልማን ከውጭ። «ሾርባው ውሃ ከገባበት ሕጉ ራሱ ውጡ ይላል! በዝናብ ዳስ ውስጥ የሚቀመጥ ሞኝ ነው የሚባለው!»

ማርጎ አፍጥጣ አየችው። ውሃው ከአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። «እውነቱን ነው» አለች በመጨረሻ፣ እየሳቀች።

«እንግዲህ ሁላችሁም ወደ እኔ ቤት!» አሉ እማማ ኦዴሳ። «ዓመት ሙሉ ስትጋብዙኝ ኖራችሁ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ተግተልትለው ወጡ። ጠባቧ ማድ ቤት ሞላች። ካልማን በሃይማኖቱ ሕግ ምክንያት ከሌላ ሰው ድስት ስለማይበላ፣ እማማ ኦዴሳ ምንም ሳይጠይቁ ያልተላጠ ብርቱካን እጁ ላይ አኖሩለት። እሱም እየላጠ ቤቱን ተመለከተ። ግድግዳው ላይ የምርቃት ልብስ የለበሱ ልጆች ፎቶ አለ፤ ከበሩ መቃን ጎን የልጆቹ ቁመት በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«ከዚህ ነው የሚያስወጡዎት?» አላቸው።

«ከዚህ ነው።»

ካልማን ብርቱካኑን መላጥ አቆመ። ከዚያ ወደ ሺፍራ ዞረ። «ችሎቱ መቼ ነው?»

«በዓሉ እንዳለፈ።»

«ገብቶ መቀመጥ ይቻላል? እንደ እኔ ያለ ሰው?»

«ይቻላል፣ አቶ ካልማን። እንዲያውም ብዙ ሰው ሲኖር ዳኛው ይጠነቀቃል።»

«እንግዲያው ያን ቀን ሱቁን እዘጋለሁ።»

ይህ ሰው ውጭ ቆሞ ቢቀር ኖሮ ልጁንም ይዞባት ይቀር ነበር፤ ያንን ሺፍራ ታውቃለች። ኤልካና ምድጃው አጠገብ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ቆሟል፤ እንዲህ ረጥቦም ያምራል። ፍርሃቱ ሳይመለስባት ፊቱ ቆመች።

«ካኒ፣ አግባኝ» አለችው።

ኤልካና ወደ አባቱ አየ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለ ካልማን። «የተጠየቅኸው አንተ ነህ።»

«አባዬ፣ በዓል ነው እኮ...»

«በበዓል ሰርግ አይደረግም። እሺ ማለትን ግን ማንም አልከለከለም።»

ኤልካና የሺፍራን እጅ ይዞ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እሺ አለ።

«ጮክ በል እንጂ!» አሉ እማማ ኦዴሳ ከማጠቢያው ጋር ሆነው። «በቤቴ የሚባለውን እኔም ልስማ!»

ኤልካናም ጮክ ብሎ ደገመው።