ለሳጥን የተነገረ

«አራተኛ ጥያቄ» አለች ቀጮ፣ ወረቀቱን ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አድርጋ። «እናቴ ማንበብ አትችልም። እንደምትችል ግን ታስመስላለች። ሳላሳፍራት እንዴት ልርዳት?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ አንገቷን ደፋች። ጥያቄው የእሷ ነው። ስትጽፈው ማንም አያውቅብኝም ብላ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ሰው ማንም አያውቅብኝም የሚለው ነገር ብዙ ነው።

የሰፈሩ የትምህርት ማእከል ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጣ ሁሉ በነጻ ገለጻ ያሰማል። አንድ ቀን ስለ ስኳር በሽታ፣ አንድ ቀን ስለ ከዋክብት፣ አንድ ቀን ስለ ውርስ ሕግ። ጥያቄ ግን በአፍ አይቀርብም። ትልቅ ሰው በሰው ፊት «አላወቅሁም» ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል፤ ስለዚህ በሩ አጠገብ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። የፈለገ ጥያቄውን ያለ ስም ጽፎ ይከታል። በእረፍቱ ሰዓት አንዲት ተማሪ ሁሉንም በራሷ እጅ ጽሑፍ ትገለብጥና ዋናዎቹን ትቀዳድዳቸዋለች። ያየችውን ላትናገርም ለማእከሉ አስተባባሪ ቃል ገብታለች። የማን ጽሑፍ እንደሆነ ከገልባጯ በቀር የሚያውቅ የለም።

ገልባጯ ቀጮ ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች፣ እርሳሷን ተበድራ የማትመልስ፣ ስትስቅ ሆዷን የምትይዝ ጓደኛ። ልጅቱ አዳራሹን ፈርታ ይሆናል እንጂ ቀጮን አልፈራችም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለዚህ ነው።

የዕለቱ ገለጻ አቅራቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። «ለመማር የረፈደበት ሰው የለም። እዚሁ ግቢ ረቡዕ ረቡዕ የጎልማሶች ትምህርት አለ…»

የቀረውን ልጅቱ አልሰማችም። ከኋላዋ ሁለት የክፍሏ ልጆች ይንሾካሾኩ ነበር።

«ደብተሩን እይው፣ ደብተሩን።»

«እኔ እኮ ከልቧ የምትጽፍ ነበር የሚመስለኝ።»

አንደኛዋ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ የልጅቱን ትከሻ ነካች። «አይዞሽ፣ እኛ ለማንም አንናገርም።»

ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው፤ ሁልጊዜ። ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ገለጻው እስኪያልቅ እስክሪብቶዋ አያርፍም። ጎረቤት «አንዲት ቃል አታመልጣትም» ይላታል። ደብተሩ ውስጥ ያለው የአንገት ቅድና የእጅጌ ቅርጽ እንደሆነ የምታውቀው ልጇ ብቻ ነበረች። አሁን ግን ሹክሹክታው ከሳቅ ጋር ረድፍ በረድፍ ወደ ፊት ሄደ፤ ከልብስ ሰፊዋ አጠገብ የተቀመጠችውም ሴት አንገቷን አስግጋ ደብተሩን አየች። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮዋን አየቻት። ከዚያ ዞር ብላ የሚስቁትን አየች፤ መጨረሻ ላይ ልጇን። ደብተሯን ከድና ተነሳችና ቀጥ ብላ በመካከል ወጣች። የሸሸች አትመስልም፤ ሥራ የጠራት ነው የምትመስለው።

ልጅቱ ቀጮን ያገኘቻት ጓሮ ወንበር ስትደረድር ነው።

«ነገርሻቸው።»

«ለአንዷ ብቻ ነው የነገርኳት። እሷም ምላልኛለች።»

«አንቺስ ቃል አልገባሽም?»

«አቦ አታካብጂ። ስምሽ አልተጠራም። ጽሑፍሽን ሳየው ደነገጥኩ፤ ለሆነ ሰው ካላወራሁ ልፈነዳ ነበር።»

«ፈንድተሽ በቀረሽ።»

ቀጮ ልትስቅ ብላ ተወችው። «እሺ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ። ሁለተኛ ማንም እናትሽ ላይ ሙድ አይዝም።»

ልጅቱ ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ስፌቱን እስከ ጫፉ ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

«ወረቀቱ ያንቺ ነው?»

ውሸቱ ጥርሷ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። «የኔ ነው።»

«የቀጮን አፍ መንደሩ ያውቀዋል፤ እሷን ተያት። እዚህ ቤት ስንት ነን?»

«ሁለት።»

«ሁለት ነን። ለእኔ ሳትነግሪኝ ለሳጥን ነገርሽ።»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እቆጣ ነበር። የእናት ቁጣ ለእራት አይደርስም፣ ይበርዳል። ያ የሰው ሳቅ ግን…» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ሁለተኛ እዚያ አልሄድም። ስለ ከዋክብቱ ሰዎቹ ይስሙ።»

ያ ሳምንት እንደ ጎማ ተለጠጠ። ልጅቱ ትምህርት ቤት ቦታዋን ቀየረች። ቀጮን በልቧ ስትራገም ትውልና ማታ እናቷን ስታይ እርግማኑ ግማሹ ወደ ራሷ ይዞርባታል። ደንበኞችም በአዲስ ዓይን መምጣት ጀመሩ። አንዲቱ፣ አዘንኩ ብላ፣ ብጣሽ ወረቀት ዘረጋች።

«ልኬን ጽፌ አመጣሁልሽ፤ ልጅሽ ታንብብልሽ።»

«ልክሽን ከወገብሽ አነበዋለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች። «እጅሽን አንሺ። ጨምረሻል።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን መኪናው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ቅዳሜ ቀጮ እየሮጠች መጣችና ልጅቱን ከበር ጠራቻት። «ነገሩ ተዘግቷል» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ጥያቄውን የጻፈችው የማእከሉ ዘበኛ ልጅ ናት አልኳቸው። ዘበኛዋ እንደሆነች ፊደል እንዳልቆጠረች ሁሉም ያውቃል፤ ምን ይቀርባታል? የእናትሽ ደብተር የሥራዋ ነው አልኩ፤ ሁሉም አምነዋል። እናትሽ ተመልሳ ቦታዋ ትቀመጥ። አንቺ ዝም ማለት ብቻ ነው።»

ልጅቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው እፎይታ ነው። አፍራበታለች፤ ግን መጥቷል። አብራት ሄደች።

የማእከሉ በር ላይ ዘበኛዋ ከስድስተኛ ክፍል ልጇ ጋር ቆማለች። የትንሿ ዓይን ቀልቷል።

«አልጻፍኩም እያልኩሽ፣ እማዬ። አልጻፍኩም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው? እኔ መቼ አስመሰልኩ? ለመጣ ሁሉ አልችልም እያልኩ፣ ፈርሙ ሲሉኝ ጣቴን እየሰጠሁ። አስመሳይ አስባልሽኝ።» ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ልጅ አየቻት። «ነይ እስቲ የኔ እናት፣ አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ምከሪልኝ። ሰውን መዋሸት ለምዳ፣ አሁን ደግሞ እኔኑ ትዋሸኛለች።»

ቀጮ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ነይ እንግባ፤ ሊጀመር ነው።»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ትንሿን ልጅ አየች። ያልሠራችውን ሥራ ስትክድ የምትውል ልጅ ፊቷ የሠራች ይመስላል፤ ይኸው ነው ክፋቱ። እውነቱ እዚያው ላይ ሊያመልጣት አፏን ከፈተች። ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። አንዴ ካወጣችው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ይደርሳል፤ እናቷም ስለ ራሷ እንደገና ከሰው አፍ ትሰማለች።

«ልጅዎ አልጻፈችም፣ እትዬ» አለች። «አውቃለሁ። እስክመለስ አይቆጧት።»

«የት ሄደሽ ነው የምትመለሽው?» አለች ቀጮ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ምን ልትይ ነው? እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው። ጉድ ታደርጊኛለሽ።»

«ሂጂ፣ ጥያቄሽን ገልብጪ።»

መንገዱን አልሮጠችም። ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊዋ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ነበር፤ ከንፈሮቿ መካከል አምስት ስድስት ስፒሎ ነክሳለች። በቅንድቧ ጠየቀቻት፤ ገለጻው ቀረ እንዴ?

«አልቀረም» አለች ልጅቱ። «ጥያቄውን የዘበኛዋ ልጅ ላይ ጥለውታል። ልጅቷ እያለቀሰች ነው። ተመልሼ የጻፍኩት እኔ ነኝ ልል ነው፤ ሁሉም ባለበት።»

እናትየዋ ቀሚሱን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት።

«እንዲያ ስል ሰው ስለ አንቺ ያውቃል። ማስቀረት አልችልም። ግን ቀድሜ ላንቺ ሳልነግርሽ አልልም። ብትቆጪም ልስማው።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ስፒሎዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ቀሚሱ ላይ ሰካቻቸው፤ ሳትቸኩል። ልጅቱ የመጨረሻው ስፒሎ ወጥቶ እናቷ እስክትናገር ድረስ ቆማ ጠበቀች።