የአራት ሚሊሜትር ቀዳዳ

ስድስተኛውን ባልዲ መታጠቢያ ቤት ስትደፋ ክንዷ ዝሎ ነበር፤ ንዴቷ ግን ገና ትኩስ ነው። የሳሎኑ ምንጣፍ በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ጨዋማ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወለሉ ላይ የተረፈውን ውሃ በጨርቅ እየመጠጠች ባልዲው ውስጥ ትጨምቃለች። ከታች ፎቅ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት በፊት ከእነሱ የዓሣ ገንዳ የፈሰሰው ውሃ በኮርኒሱ ሾልኮ የሴትየዋ ጠረጴዛ ላይ ወርዷል፤ ያውም ለሙሽራ ተቆርጦ በተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ላይ።

ሴትየዋ ጨርቁን ይዘው ሲመጡ፣ ከሥራ ተጠርቶ የመጣው አባቷ በሩ ላይ የተናገረው ነገር እስካሁን ጆሮዋ ላይ አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልን እትዬ። የልጅ ሥራ ነው። ሳያውቁ ቧንቧ ሲነካኩ መጨረሻው ይሄው ነው።»

ከዚያ ዞር ብሎ፣ እሳቸው እየሰሙ፣ የዓሣው ገንዳ እስከ እሑድ ከቤት እንዲወጣ አዘዛት። እሷም አንገቷን ደፍታ ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቀች። ጥፋቱ የሷ መስሏት ነበር።

«ሳያውቁ» የምትለዋ ቃል ናት አንጀቷን ያሳረረቻት። ገንዳውን ሦስት ዓመት የተንከባከበችው እሷ ናት። ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች፣ ድንጋይ ሥር የምትደበቀው ትንሽ ሽሪምፕ፣ እንደ አበባ የሚፈኩት ኮራሎች ሁሉ በሷ እጅ ነው የኖሩት። በቅርቡ ውሃው እየቆሸሸ ኮራሎቹ መገርጣት ሲጀምሩ ሁለት ወር ሙሉ አነበበች፤ የደብተሯን የኋላ ገጾች በሥዕል ሞላች። ከዚያ ከገንዳው ሥር፣ በተቀመጠበት ሳጥን ውስጥ፣ ሁለተኛ ትንሽ ገንዳ ጨመረች። እዚያ የባሕር አረም ይበቅላል፤ አረሙ ቆሻሻውን ይመጥጣል፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ፍጥረታትም ዓሣ ሳይለቅማቸው ይባዛሉ። «መጠለያው» ትለዋለች። ውሃው ከላይ በአንድ ቱቦ ይወርዳል፤ ፓምፕ ደግሞ በሌላ ቱቦ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ቱቦ ቀጥ አድርጎ መቁረጥና ማጣበቅ ያስተማራት አባቷ ነው። ሃያ ዓመት በቧንቧ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ያኔ «ኢንጂነሯ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ዛሬ ሰው ፊት ሲሆን ሳታውቅ የምትነካካ ልጅ ሆነች።

ቅዳሜ ዕለት፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ፣ መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚሆን ሦስት ጊዜ ሞክራዋለች። የፓምፑን ሶኬት ትነቅላለች፤ የመጠለያው ውሃ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ይልና ይቆማል። ታዲያ ዛሬ፣ እሷ ትምህርት ቤት እያለች መብራት ሲጠፋ፣ ምን ነካው?

መብራቱ አሁን ተመልሷል፤ ፓምፑም ታች የቀረውን ውሃ ወደ ላይ አውጥቶታል። ኮራሎቹን ወደ ባልዲ ልታዛውር እጇን ስትሰድ፣ የመመለሻው ቱቦ ወደ ውሃው ከሚገባበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ጥቁር የላስቲክ ቴፕ ነው፤ ሦስት ዙር ጥብቅ ተደርጎ ተጠቅልሏል። ጫፉ እንደ ጆሮ ታጥፏል።

ይህን ጆሮ ታውቀዋለች። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ላይ አለ፤ የመታጠቢያ ቤቱም ላይ አለ። ነገ የሚፈታው ሰው ጥፍሩን እንዳይሰብር ብሎ የቴፕ ጫፍ አጥፎ የሚተው ሰው እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።

ከቴፑ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በአራት ሚሊሜትር ድሪል የበሳቻት እሷ ናት። ፓምፑ ሲቆም አየር የሚገባው በዚያች ነው፤ አየር ከገባ ውሃው ወደ ኋላ መፍሰሱን ይተዋል። ከተደፈነች ግን ቱቦው የላይኛውን ገንዳ እየሳበ ወደ ታች ይገለብጠዋል፣ መጠለያው ሞልቶ ሳሎን እስኪገባ።

ደሟ ፈላ። ይቅርታ ጠይቃለች እኮ፤ ያውም አንገቷን ደፍታ። ሼም ነው፣ አለች ለራሷ። ቴፑን ልትልጠው ፈልጋ ተወችው፤ ማስረጃ ነው። ልብስ ሰፊዋን ጠርታ ልታሳያቸው በባዶ እግሯ በሩን ከፍታ ወጣች።

ደረጃው ላይ ከአባቷ ጋር ተገጣጠሙ። ለሴትየዋ ኮርኒስ የሚሆን ነጭ ቀለም ገዝቶ እየመጣ ነው። የሰፊዋ በር ገርበብ ብሏል፤ እዚያው ብትጮህ እሳቸው ይሰማሉ። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ጥርሷን ነከሰች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ና አንዴ እቤት» አለችው።

ገንዳው ፊት አቁማ ቴፑን በጣቷ አሳየችው።

«ጠዋት ሲረጭ አየሁት» አለ፣ ምንም ሳይጠረጥር። «ቱቦው ተበስቶ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ዝም ብዬ ደፈንኩልሽ።»

«እኔ ነኝ የበሳሁት።»

«ደህና ቱቦ ይበሳል እንዴ ልጄ?»

ብትናገር ትጮሃለች፤ ብትጮህ ደግሞ ታለቅሳለች፤ ማልቀስ አልፈለገችም። የቴፑን ጆሮ ይዛ ላጠችው፤ ሶኬቱን ነቀለች። ፓምፑ ዝም ሲል ቀዳዳዋ ፉት አድርጋ አየር ሳበች፤ ውሃው ባለበት ቆመ። ሶኬቱን መልሳ ሰካች።

«አሁን በጣትህ ድፈናት» አለችውና ድጋሚ ነቀለች።

አውራ ጣቱን ቀዳዳዋ ላይ አደረገ። ፓምፑ ቆሟል፣ ውሃው ግን መውረዱን አልተወም። ላይ ጎደለ፤ ታች መጠለያው እያዩት ከፍ አለ። የአባቷ ዓይን ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ተመላለሰ። የሃያ ዓመት ሠራተኛ ነውና ማብራሪያ አላስፈለገውም። ጣቱን ሲያነሳ ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ውሃውም ቆመ።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ድምፁን አለስልሶ የእሑዱን ነገር እንድትረሳው፣ ገንዳው የትም እንደማይሄድ ነገራት።

ይህን ስትሰማ ንዴቷ የሚበርድ መስሏት ነበር። አልበረደም። ገንዳው ተረፈ፤ በሩ ላይ አንገቷን የደፋችው ልጅ ግን አሁንም እዚያው በሩ ላይ ናት።

«እትዬ ግን እኔ እንዳጠፋሁ ነው የሚያውቁት» አለች። ድምጿ ዝቅ አላለም።

አባቷ ነገ ኮርኒሱን ሲቀባላቸው በዚያው እንደሚያነሳላቸው አጉተመተመ። በዚያው ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ስለ ቀለሙ ያወራሉ፣ ስለ ኑሮ ያወራሉ፣ ይረሳል።

የቀለሙን ቆርቆሮ አንስታ አስያዘችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና እጀታውን እንደያዘች ቆመች። አባቷን እንዲህ አድርጋው አታውቅም። በሩን ግን አልዘጋችውም።

እሱ ለአፍታ አያት። ከዚያ አቀርቅሮ በአጠገቧ አለፈ። አብራው አልወረደችም። እግሩ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ሰማች፣ ከዚያ ሲያንኳኳ።

ታች የስፌት መኪናው ቆመ።

በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰችና ሶኬቱን ሰካች። ቀዳዳዋ መስታወቱ ላይ መርጨት ጀመረች።