የማጠቢያ ክፍሉ መዝገብ

«አመጣሽው?»

«ኩክ» ጓንት ያጠለቀ እጇን ወደ ቆሻሻ ጋሪው ሰደደች። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። አለቃዋ «አጎት» ግድግዳው እንዳይነካው ትከሻውን ሰብስቦ ቆሟል።

የምርመራ ቢሮው አጣቢ አስመስሎ እዚህ ሲያስገባት የምስጢር ስሟን ያወጣላት እሱ ነበር። «ኩክ ጆሮ ውስጥ ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል፤ ሊያየው የሚፈልግ ግን የለም» ብሏት ነበር ያኔ። እውነቱን ነው። በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ምርምር ሆስፒታሉ ውስጥ፣ በሰው ጉሮሮ ገብተው የወጡ ካሜራዎችን አምስት ወር ሙሉ ስታጥብ ቀና ብሎ ያያት የለም።

ምርምሩን የሚመራው ፕሮፌሰር የአየር ቧንቧቸው ለጠበበ ሰዎች አዲስ ቱቦ እየሞከረ ነው። ቱቦው በሳምንታት ውስጥ ይፈረካከሳል፤ ሥጋውንም ይዞ ይበሰብሳል። የታመሙትም የሞቱትም በጥናቱ ፋይል «በራሳቸው ፈቃድ አቋረጡ» ተብለው ተጽፈዋል። ነገ ጠዋት ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ቱቦው ሊገባላቸው ተራ ይዘዋል።

ፋይሎቹ ጸድተዋል። አንድ ነገር ግን ተረስቷል። ካሜራ በታጠበ ቁጥር የታካሚው ቁጥር፣ ሰዓቱና ከካሜራው ላይ የተራገፈው ነገር ይመዘገባል። ደም። መግል። የቱቦ ስባሪ። ሐኪሞቹ ሽታውን ስለሚጸየፉ ማጠቢያ ክፍሉን ረግጠውት አያውቁም። እዚያ መዝገብ መኖሩ ትዝ ያለው አልነበረም።

መዝገቡ አሁን ጋሪው ውስጥ ነው፤ በቢጫ የቆሻሻ ከረጢት ተጠቅልሎ።

«ቶሎ በይ እንጂ» አለ አጎት ጠጋ ብሎ።

ያኔ ሸተታት።

ሜንቶል።

ከአፍንጫው ሥር አረንጓዴ ቅባት ያብለጨልጫል። ያንን ቅባት የሚያውቀው የፕሮፌሰሩ ቀዶ ጥገና ክፍል ብቻ ነው። የበሰበሰ ቱቦ ሲወጣ ግማቱን ለመቻል ረዳቶቹ በር ላይ ሆነው ከአፍንጫቸው ሥር ይቀቡታል። ለአጣቢዎች አይታደልም። አጎት ደግሞ ፕሮፌሰሩን ከፎቶ በቀር አላውቀውም ይል ነበር።

መግል ስታጥብ እንኳ እንዲህ አላቅለሸለሻትም።

ከጋሪው ሥር ሌላ ቢጫ ከረጢት አወጣች። ሊቃጠል የተጣለ የአምና መዝገብ። ያው ሽፋን፣ ያው እድፍ።

«ይኸው። ገልጠው ይዩት። ገጾቹ ግን በመግል ተጣብቀዋል።»

በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው። «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ምሳ እንዴት ይበላልሻል?»

«በእጄ ነዋ።»

ከረጢቱን ከሰውነቱ አርቆ እንደያዘ ሄደ። ጓንት ሳያገኝ አይከፍተውም። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት አላት።

አለቃ ከከዳ የሚኬድበት መንገድ አለ፤ በዚያ የመጣ ዕቃ ክህደቱን ለቢሮው ይነግራል። ከሆስፒታሉ በር ማዶ ያለችው መድኃኒት ቤት። ባለቤቷ የቢሮው ሰው ናት፤ አጎት አያውቃትም። ችግሩ በሩ ነው። ሠራተኛ ሲወጣ እስከ ካልሲው ይፈተሻል።

ታካሚ ግን እንዲህ አይፈተሽም።

ታካሚ ቁጥር ዘጠኝ በማጠቢያ ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። አንገታቸው ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ሲተነፍሱ ስለሚያፏጩ ሁሉም «ፉጨት» ይላቸዋል። ከቀዳዳው በታች የፕሮፌሰሩ ቱቦ አለ።

«ምነው የኔ ልጅ» አሉ ቀዳዳውን በጣታቸው ደፍነው። ካልደፈኑት ድምፅ አይወጣቸውም። «ፊትሽ ዓመድ መስሏል።»

«ጋሼ፣ ነገ ተራ የያዙትን ሰዎች ያውቋቸዋል?»

«አንዷ ልጅ አዝላ ነው የመጣችው። ምነው?»

«ቱቦው እንዳይገባባቸው ይህ መዝገብ መውጣት አለበት። ከበሩ ማዶ ላለችው መድኃኒት ቤት ባለቤት ይስጡልኝ። ከእሷ በቀር ለማንም እንዳይሰጡት።» በእጃቸው ወዳለው የራጅ ፖስታ መዝገቡን አንሸራተተችው።

«ዘበኛው ምንድነው ቢለኝስ?»

«ይሳሉበት።»

ሳቁ። የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ጣታቸውን መለሱ። «ሚስቴ ሠላሳ ዓመት ዝም ልታሰኘኝ ሞክራ አቃታት። እነዚህ በአንድ ቀን ጨረሱት። እስቲ እኔም ልሳልባቸው።»

ከማጠቢያ ክፍሉ ጠባብ መስኮት በሩ ይታያል።

ዘበኛው ፖስታውን ያዘ።

ፉጨት ሳሉ። ከእግር ጥፍራቸው የመጣ ሳል ነበር። አክታው ዘበኛው እጅጌ ላይ አረፈ።

«ኤጭ! ሂዱ! ሂዱ ወዲያ!»

ፖስታውን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ወጥታ ፖስታውን ተቀበለች። ፉጨት ጣታቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ። ሊናገሩ ፈለጉ።

ምንም አልወጣም።

መሬት ላይ ወደቁ።

ኩክ መስኮቱን ጨብጣ ቀረች። በዚህ ሳምንት ብቻ ከእሳቸው ካሜራ ላይ ሦስት ጊዜ ስባሪ አጥባለች። የቀረው ቱቦ በአንድ ሳል ሊነቀል እንደሚችል ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እያወቀች ነው ይሳሉ ያለቻቸው።

ነርሶች በቃሬዛ ወደ ሆስፒታሉ መለሷቸው። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ አንድ ነርስ አፍንጫውን በክርኑ ሸፍኖ ካሜራውን ከነትሪው ደጃፏ ላይ አኖረ።

«ቁጥር ዘጠኝ ነው። ሞቷል፤ አትቸኩዪ።»

አልቸኮለችም። ሙቅ ውኃ ለቀቀች። ደም ወረደ። ከደሙ ጋር ጥፍር የምታህል የቱቦ ስባሪ ወረደች። አዲስ መዝገብ ከፍታ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈች። ቁጥር ዘጠኝ። ስድስት ሰዓት ተኩል። ደም፣ የቱቦ ስባሪ። ከሥሩ ጨመረች፦ በራሳቸው ፈቃድ አላቋረጡም።

ቢሮው የሚጠብቀው መዝገቡን ብቻ ነበር። ስምንት ሰዓት ሳይሆን የቀዶ ጥገናው ክፍል ታሸገ። ተራ የያዙት ወደ ቤታቸው ተሸኙ፤ ልጅ ያዘለችው ሴት መጨረሻ ወጣች። ከዚያ ፕሮፌሰሩ፣ ከኋላው አጎት፣ በሰንሰለት። ቢጫው ከረጢት በመርማሪ እጅ ነው፤ ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። አጎት ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉትን አጣቢዎች በዓይኑ አሰሰ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሽርጥ ለብሰዋል። ዓይኑ በእሷ ላይ አልፎ ሄደ።

እጇን ሦስት ጊዜ ፈተገችው። ሽታው አልለቀቀም።

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የነበረች ሴት አፍንጫዋን ይዛ ወንበር ቀየረች። የኩክን ፊት ግን አላየችም።