ሁለተኛው ጥሪ

በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ በቆመበት ወራት፣ የባቡር ሐዲድ ሊያልፍበት የታሰበውን ሸለቆ የሚያጠኑት ሰዎች በየማለዳው ተራርቀው ይሰለፉና፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ጎን ለጎን ወደ ምሥራቅ ይራመዱ ነበር። ሥራቸው ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት ጥንታዊ መቃብር ወይም የሸክላ ስብርባሪ ካለ ፈልገው፣ በቦታው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል መትከል ነው። ማሽላው እርስ በርስ ስለሚከልላቸው የቡድኑ መሪ አቶ ዘርይሁን በየመሐሉ ቆሞ በስም ይጣራል፤ የተጠራውም «አለሁ» ይላል፤ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል።

በስተቀኝ የምትሄደው ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ኢፍቱ ናት። በግራ ጫፍ ደግሞ የአገሩ ሰው፣ መንገድ መሪው ኦቦ ሙሜ አሉ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ካልተጠሩ አይመልሱም።

«ጆሮዎን ያምዎታል እንዴ ኦቦ ሙሜ?» አለ ዘርይሁን አንድ ማለዳ።

«ጆሮዬስ ደኅና ነው። እዚህ የመጀመሪያውን ጥሪ ለእነሱ እንተወዋለን» አሉ ሽማግሌው፣ ከማሽላው መሐል ብቅ ወዳለው የድንጋይ ክምር በአገጫቸው እያመለከቱ። «የእኛ ሁለተኛው ነው።»

«እነሱን እኔ አልቀጠርኳቸውም!» አለ ዘርይሁን። ኢፍቱ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጥሪ፣ አንድ መልስ። ሁለተኛ የሚጣራ እንዳልሰማ፤ አንቺንም ጭምር ነው።»

የሚቸኩልበት ምክንያት ነበረው። ሸለቆው መቃብር የለበትም ብሎ ካስረከበ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንደሚሆን ቃል ተገብቶለታል፤ አንድ መቃብር ከተገኘ ግን ሐዲዱ ይዞራል፣ ሹመቱም ይቀራል። ስለዚህ የድንጋይ ክምሮቹን ገበሬ ከማሳው የለቀመው ነው እያለ ያልፋቸው ነበር።

ረፋዱ ላይ «ኦቦ ሙሜ!» ብሎ ሲጣራ ወዲያው «አለሁ» የሚል መልስ መጣ። ሽማግሌው በመታዘዛቸው ደስ አለው። ለምሳ ሲቀመጡ ግን ኦቦ ሙሜ እህል አልቀመሱም።

«ረፋድ ላይ ስትጠራኝ እኔ አፌን አልከፈትኩም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ቆመ። በግራ በኩል ያለው የማሽላ ቅጠል ግን፣ ሰው በቀስታ እያሻሸው የሚያልፍ ይመስል፣ መንሿሿቱን አልተወም፤ ዝናብ ሳይኖር የእርጥብ አፈር ሽታ፣ ከእሱም ጋር ለብዙ ዘመን ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣው ያ የታፈነ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንሸራተት ተሰማ፤ አጭር ጩኸትም ተከተለው።

«ኦቦ ሙሜ!»

«አለሁ።» ድምፁ የሽማግሌው ነበረ፤ የረጋ፣ ምንም ያልነካው። በዚያው ቅጽበት ያው የሽማግሌው ድምፅ ከመሬት በታች «አውጡኝ» አለ።

«ሰሙ?» አለች ኢፍቱ ወደ ዘርይሁን ዞራ።

ዘርይሁን የትኛው የሰው ድምፅ እንደሆነ አውቋል። ሽማግሌውን የዋጣቸው ጉድጓድ መቃብር መሆኑንም አውቋል።

«መልሰዋል፤ ቀጥዪ» አላት።

እሷን ወደ ማሳው ዳር ልኮ እሱ ወደ ግራ ተመለሰ። የተመለሰው ግን ሰውየውን ሊያወጣ አልነበረም፤ ሽማግሌው ከመውደቃቸው በፊት የተከሉትን፣ ከማሽላው በላይ ብቅ ብሎ የሚታየውን ባለ ቀይ ጨርቅ ችካል ሊነቅል ነው። ችካሉ በክምሩ አናት ላይ ቆሟል። ሰው የገባበት ክፍተት የለም፤ ድንጋዮቹ እንደገና ገጥመዋል። ችካሉን ቢስበው ከሥር የያዘው ያለ ይመስል አልነቀል አለ፤ በሁለት እጁ ሲጎትተው የቆመበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከዳው።

ከታች ብርሃን አልነበረም። እግሩ ተሰብሯል፤ አፉን አፈር ሞልቶታል። በጎኑ የሰው ትንፋሽ ሰማ።

«ዝም በል ልጄ» አሉ ኦቦ ሙሜ። «ድንጋዩ አሁን ገጥሟል፤ በመጀመሪያው ጥሪ ብትጮህ አይሰማልህም። ሁለተኛውን ጠብቅ።»

ከሩቅ ኢፍቱ ተጣራች፤ «አቶ ዘርይሁን!»

እሱ ጮኸ፤ ጩኸቱ ከድንጋዩ አላለፈም። ልክ ከአናቱ በላይ ግን የገዛ ድምፁ ረጋ ብሎ «አለሁ» አለ።

«ኦቦ ሙሜስ?»

«መልሰዋል፤ ቀጥዪ።»

ዘርይሁን አፈሩን ተፍቶ፣ ትንፋሹን ይዞ ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀ፤ ኢፍቱ ግን በማለዳ እንዳዘዛት፣ ሁለተኛ ሳትጣራ ሄደች።